ሰርተፊኬት ያላት ፎቶ አንሺ

ጥቅምት 4

ጋውኖቹን አወጣሁ። አንገታቸው የፊት ቅባት ይዟል... የስንቱ ምሩቅ ቅባት። ግማሾቹን አጠብኩ፣ የቀሩት ለነገ። ቆቦቹ ደህና ናቸው፣ የአንዱ ዘርፍ ብቻ ተነቅሏል። ባለቤቴ ከመጋረጃው ማዶ ከስፌት ማሽኑ ቀና ብሎ "ስጪኝ፣ እሰፋዋለሁ" አለና ወሰደው። ከዚያ የሱሪ እግር ሲያሳጥር ውሎ ረሳው።

ሱቃችን አንድ ክፍል ናት። መሀሏን በመጋረጃ ከፍለናት በዚያ ወገን እሱ ይሰፋል፣ በዚህ ወገን እኔ ፎቶ አነሳለሁ። በራችን ከዩኒቨርሲቲው በር ፊት ለፊት ነው። ዓመቱን ሙሉ ጉርድ ፎቶ ነው፤ የሚያኖረን ግን የምረቃ ሰሞን ነው። የምረቃውን ፎቶ ሁልጊዜ ለእኔ ነው የሚሰጡኝ። ለምን ለእኔ? ቅርብ ስለሆንኩ። ሌላ ምክንያት ያለው አይመስለኝም።

ዛሬ ጉርድ ፎቶ ሦስት ሰው። አንዱ ዓይኑን ጨፈነብኝ፣ ደግሜ አነሳሁት። ሌላ ወሬ የለም።

ጥቅምት 9

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይላሉ። ከጠባም በኋላ ይሰማል ለካ።

ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ማስታወቂያ ተለጥፏል። የምረቃ ፎቶ ከእንግዲህ በጨረታ ነው። ተጫራቹ "በሙያው ከዩኒቨርሲቲ የተሰጠ ሰርተፊኬት" ይኑረው ይላል። ደጋግሜ አነበብኩት። ከዚያ ቀጥ ብዬ ቢሮ ገባሁ።

ቢሮ ያለችው ልጅ ጠረጴዛዋ ላይ የምረቃ ፎቶዋን አቁማለች። ፎቶው የእኔ ሥራ ነው፣ የለበሰችው ጋውንም የእኔ። "ሰርተፊኬት አለዎት?" አለችኝ። ይሄን ፎቶ ማን አነሳሽ ብላት ፎቶውን አየች፣ እኔን አየች። "እሱማ እርስዎ ነዎት። ግን ሰርተፊኬት አለዎት?"

ኋላ አዘነችልኝ መሰለኝ፣ ኤክስቴንሽኑ የፎቶግራፍ ሰርተፊኬት ትምህርት ከፍቷል፣ የማታ ነው፣ ጨረታው ግንቦት ስለሆነ ይደርስልዎታል አለችኝ። እንደ ምሥራች ነው የነገረችኝ። ምዝገባው የት ነው? የሚቀጥለው መስኮት። አንዱ መስኮት አምጪ ይላል፣ ጎኑ ያለው ደግሞ ግዢ ይላል። ጥሩ ንግድ ነው።

ጥቅምት 10

ተመዘገብኩ። ምን አማራጭ አለኝ? የምረቃ ፎቶ ከቀረ ሱቁ ይዘጋል፣ በጉርድ ፎቶ ማን ኖሮ ያውቃል... ባለቤቴ "ወረቀቷን ብቻ አምጪና ስቀያት፣ ከዚያ ማን ይናገርሻል" አለኝ። እውነቱን ነው። የምሄደው ለወረቀቷ ነው። በዚህ ዕድሜዬ ፎቶ ማንሳት ልማር?

ጥቅምት 13

ማስተርስ መጣች።

የባለቤቴ እህት ናት። ማስተርስ የምላት እዚህ ደብተር ላይ ብቻ ነው፣ ፊት ለፊት ደፍሬ አላውቅም። ያላት ዲግሪ በየወሬው መሀል ካልገባ ወሬው አይጥማትም። ሻዩ ቀዝቅዟል ብንል እንኳ "ማስተርሴን ስሠራ እንዲህ የቀዘቀዘ ነበር የምንጠጣው" ትላለች።

መመዝገቤን ወንድሟ ነገራት። ጎሽ አለችኝ፣ ልጅ እንደሚያበረታታ ሰው። ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ አለችና "ሰው ሲጠይቅሽ ግን ዩኒቨርሲቲ ገባሁ አትበዪ። ኤክስቴንሽን በይ። ይለያያል" አለች።

"በሩ አንድ አይደል እንዴ?"

"በሩማ አንድ ነው። አገባቡ ነው የሚለያየው።"

ሰርተፊኬት ደግሞ ለስብሰባም ይሰጣል፣ ምሳ ሊበላ የገባ ሁሉ ይዞ ይወጣል አለችን። ባለቤቴ አንገቱን ማሽኑ ውስጥ ቀበረ። እየሳቀ ነበር? ትከሻው ይነቃነቅ ነበር። ደሜ ፈላ። ሻይ ደገምኳት፣ ቀዝቃዛውን።

ጥቅምት 17

ጎናችን የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚሸጠው ጎረቤታችን ጠዋት ሱቁን ሲከፍት ጠራኝ። ኤክስቴንሽን ልትማሪ ነው አሉ፣ እውነት ነው? አዎ አልኩት።

"ባለ ስንት ቀዳዳ?"

የሚቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። ሰውየው የምሩን ነው! ደንበኞቹ የተቃጠለ ኤክስቴንሽን በየቀኑ ያመጡለታል፣ የሚጠግን ግን አጥቷል፣ እኔ ተምሬ ከጨረስኩ አብረን ልንሠራ... አሳቡን ሁሉ ጨርሶታል። ቁጭ ብዬ አስረዳሁት። ቀን የሚማሩ አሉ፣ ቀን መግባት ላልቻለ ሰው ደግሞ ያው ትምህርት ወደ ማታ ይቀጠላል፣ ኤክስቴንሽን ማለት እሱ ነው አልኩት። አሰበበት።

"ታዲያ ምን ልዩነት አለው" አለኝ፣ "ገመዱ ረዘመ እንጂ መብራቱ ያው ነው።"

ከማስተርስ ይልቅ ለእሱ ገብቶታል።

ኅዳር 3

የመጀመሪያ ቀን። ክፍሉን ስከፍት ማንን ባይ ጥሩ ነው? ፍላሽን። ማዕዘኑ ላይ ያለው ፎቶ አንሺ ነው፣ ዓይን እስኪጠፋ መብራት ስለሚተኩስ ነው ፍላሽ የሚባለው። ደንበኛ ነጠቅሽኝ፣ ነጠቅከኝ ተባብለን ሰላምታ ካቆምን ዓመታት አልፈዋል። ከኋላው ደግሞ በዚህ መንገድ ላይ ስቱዲዮ ያለው ሁሉ ተደርድሯል። ክፍሉ ሳይሆን የጨረታው ሳጥን ውስጥ የገባሁ መሰለኝ። የተረፈው ቦታ ፍላሽ አጠገብ ብቻ። ተቀመጥኩ። ምን ላድርግ፣ ቆሜ ልማር?

መምህሩ ገና ልጅ ነው፣ ጢሙ እንኳ ተሟልቶ አልበቀለም። ለምን እንደመጣን በየተራ ጠየቀን። ሁሉም "ለዕውቀት" አለ። ፍላሽም ለዕውቀት አለ። እኔም ለዕውቀት አልኩ። ስለ ጨረታው አንድም ሰው ትንፍሽ አላለም።

ኅዳር 17

ይሄ ልጅ አንድ ጥያቄ ነው ያለው፤ "ብርሃኑ ከየት ነው?" የቤት ፎቶ ሲያሳይ ብርሃኑ ከየት ነው፣ የሰው ፎቶ ሲያሳይ ብርሃኑ ከየት ነው። ከመስኮት ነዋ ልጄ... ከየት ሊመጣ ኖሯል? ፍላሽ እንቅልፉን ለጥጧል። እኔም አፌን በእጄ ሸፍኜ ነው ያመለጥኩት።

ታኅሣሥ 5

የቤት ሥራ ተሰጠን። የምታውቁትን ሰው አንሱ፣ ራሱን የሚመስል ፎቶ ይሁን ተባለ። እንዴት ያለ ቀላል ነገር ነው። ባለቤቴን ኮት አለበስኩት፣ ክራቫት አሰርኩለት፣ ሰማያዊው መጋረጃ ፊት አስቀመጥኩት። ጋውንም ልጨምርልህ ብለው እምቢ አለ። አገጭህን ቀና፣ ትከሻህን ዝቅ፣ ትንፋሽ ያዝ... አነሳሁት። ሥርዓት ያለው ፎቶ ወጣ። ልጁ ይማርበት።

ታኅሣሥ 8

ብጽፈው ይቀልልኝ እንደሆነ።

መምህሩ ፎቶዎቻችንን ያለ ስም ግድግዳው ላይ ለጠፋቸው። እያንዳንዱ ጋ ትንሽ ትንሽ ይላል። የእኔ ጋ ሲደርስ ቆመ። "ይሄ ሰው ምን ሆኖ ነው? የሚተነፍስ አይመስልም" አለ። ክፍሉ ሳቀ። ፍላሽ ከእንቅልፉ ነቃ።

እጄን አወጣሁ። አይተነፍስም፣ ትንፋሽ ያዝ ያልኩት እኔ ነኝ አልኩ፣ ኮራ ብዬ።

"ለምን እትዬ?"

"ፎቶው እንዳይንቀጠቀጥ ነዋ።"

ካሜራዬ ምን ዓይነት እንደሆነ ጠየቀኝ፣ ነገርኩት። ቢሳለቅብኝ ይሻለኝ ነበር። ልጁ በትሕትና ነው የገደለኝ፤ "እትዬ፣ በዚህ ካሜራ ሰውየው እየሮጠ ቢያነሱት እንኳ አይንቀጠቀጥም" አለኝ።

ማንም አልሳቀም። ያኔ ነው ያመመኝ።

እውነቱን ነው። ስቱዲዮውን የገዛሁት ከአንድ ሽማግሌ ነው፣ ሥራውንም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። የእሳቸው ካሜራ ዘገምተኛ ነበር፣ ሰው ከተነፈሰ ፊቱ ይደበዝዛል። "ትንፋሽ ያዙ" የሚለውን ቃል ከዕቃው ጋር ነው የተረከብኩት። ካሜራውን ከዚያ በኋላ ስንቴ ቀየርኩት... ቃሉን ግን አልቀየርኩትም። አንድ ቀን እንኳ ለምን ብዬ አልጠየቅሁም።

ታኅሣሥ 9

መስኮቱ ላይ የደረደርኳቸውን ፎቶዎች ከውጭ ቆሜ አየኋቸው። ሐኪሙ፣ መሐንዲሱ፣ መምህርቷ... ሁሉም አንድ ፊት ናቸው። ዓይናቸው ፈጥጧል፣ ደረታቸው ተነፍቷል። እኔ የምረቃ ፎቶ አንሺ አይደለሁም ለካ፣ የታፈነ ሰው ሰብሳቢ ነኝ።

ባለቤቴን ታውቅ ነበር ወይ አልኩት። ምኑን አለኝ። ሰዉ ሁሉ እንደታፈነ።

"እኔማ" አለ፣ "የተማረ ሰው ፊቱ እንደዚህ የሚሆን ነበር የሚመስለኝ።"

አለቀስኩ። እሱ ሲያባብለኝ ደግሞ ሳቄ መጣ።

ጥር 16

አሁን ቀድሜ ነው ክፍል የምገባው። ለምን እንደሆነ ለማንም አልተናገርኩም።

ባለፈው ባለቤቴ መስኮቱ ጋ ጎንበስ ብሎ ክር በመርፌ ሲያስገባ ሳያየኝ አነሳሁት። ክሩን በከንፈሩ ይዞ፣ መነጽሩ አፍንጫው ጫፍ ደርሶ። መምህሩ ፎቶውን ብዙ ጊዜ ይዞት ቆየና "እትዬ፣ ብርሃኑ ከየት እንደሆነ አውቀዋል" አለኝ። ቤት እስክደርስ ድረስ ብቻዬን ስስቅ ነበር፣ ሰው አብዳለች ሳይል አይቀርም። ማስተርስ ይሄን ብትሰማ ምን ትላለች? አልነግራትም። ይሄ የእኔ ነው።

ፍላሽ ዓይኑን በጨው አጥቦ ማስታወሻሽን አውሺኝ አለ። ያን ሁሉ ጊዜ ተኝቶ! ሰጠሁት። ሳይታወቀን ሰላምታ ጀምረናል።

የካቲት 6

አዲሱን ዕውቀቴን ሱቅ ውስጥ ሞከርኩት። አንዲት ባለፈው ዓመት የተመረቀች ልጅ ሳትነሳ ቀርታ ኖሮ ጋውን ተከራይታ ልትነሳ መጣች። እንደልብሽ ሁኚ፣ ተንፍሺ፣ አውሪኝ አልኳት። ስለ እናቷ እያወራች ሳቅ ስትል አነሳኋት። እንዴት ያለ ፎቶ ወጣ! በሥራ ዘመኔ እንደዚያ ያለ አንስቼ አላውቅም።

አየችውና ፊቷ ወደቀ።

"ይሄ እኮ እኔን ነው የሚመስለው።"

"ታዲያስ?"

"እኔን የሚመስለውማ መስታወት ውስጥም አለ። እኔ የፈለግሁት ምሩቅ የሚመስል ነው።"

አገጭ ቀና፣ ትከሻ ዝቅ፣ ትንፋሽ ያዢ አልኳት። ያዘች። ወደደችው፣ ለዘመድ የሚሆንም አስጨመረች።

የመጀመሪያውን ፎቶ አልደመሰስኩትም። ለራሴ አስቀመጥኩት።

ሚያዝያ 12

ወረቀቷ ተሰጠች። ቀን ለሚመረቁት አዳራሽ አለ፣ ለእኛ ግን መስኮት። ስም ይጠራል፣ ይፈረማል፣ ይወሰዳል፣ ቀጣይ።

ባለቤቴ ሥራውን ዘግቶ መጣ። ክንዱ ላይ ምን ቢይዝ ጥሩ ነው? ከጋውኖቻችን የደህናውን፣ ተኩሶት። ያን የረሳውን ዘርፍ ሰፍቶ ቆቡንም አምጥቶታል። ገና ሊያለብሰኝ ሲል በመስኮቱ ውስጥ ያለችው "ለሰርተፊኬት ጋውን የለም" አለችው። እሷ ክፉ ሰው አይደለችም፣ ደንቡን ነው የነገረችው። እሱ ግን ጋውኑን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። ለስንቱ ሰው ያለበስኩት ልብስ፣ በገዛ ጋውኔ ተከለከልኩ።

ስንመለስ መንገድ ላይ "ይቅርብሽ" አለኝ፣ "ትከሻው ላይ ይሰፋሽ ነበር።"

ወረቀቷን ቤት ገብቼ ነው ያየኋት። ስሜ ሳይሳሳት ተጽፏል። "አጠናቃለች" ይላል። ማኅተሙ ክብ ነው፣ ትንሽ ወደ ጎን አዘንብሏል። ደጋግሜ አነበብኳት... እኔ? ለወረቀት? ጥቅምት ላይ ይሄን ሰው ቢነግረኝ እሰድበው ነበር። በሩን ከፍቶ የሚገባ ሁሉ መጀመሪያ እሷን እንዲያይ አድርጌ ፊት ለፊት ሰቀልኳት።

ግንቦት 8

ጨረታው ቀረ።

ከክፍላችን ተማሪ የቀረ የለም፣ ሁላችንም ሰርተፊኬታችንን በፖስታ አድርገን ቢሮው ደጃፍ ተሰልፈን ነበር። ያቺ ፎቶዋን ጠረጴዛዋ ላይ ያቆመችው ልጅ ወጣችና ነገረችን። የዘንድሮውን ምረቃ የሚያነሱት አሁን የተመዘገቡት አዲሶቹ የኤክስቴንሽን ተማሪዎች ናቸው፣ ለተግባር ልምምድ። በነፃ። ትምህርቱ ጥሩ ውጤት በማሳየቱ ነው አለች። ውጤቱ እኛ መሆናችን ነው!

ፍላሽ ፖስታውን እያገላበጠ "ትምህርቱን የተማርነው ለጨረታው ነው፣ ጨረታው የቀረው ደግሞ ለትምህርቱ" አለ። ስንስቅ፣ ስንስቅ... ከዚያ ሳቁ አለቀና ሁሉም ወደየሱቁ ሄደ።

ለባለቤቴ ነገርኩት። የያዘውን ሱሪ አሳጥሮ ጨረሰ። እሱ ሳይቀልድ ሲቀር ነው የምፈራው። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይሄ አይደል? ወረቀቷ ግድግዳው ላይ አለች። ሱቁ ግን ከሐምሌ በኋላ ይኑር አይኑር እንጃ። ፈርቻለሁ።

ሰኔ 14

ማስተርስ መጣች፣ ወንድሟ በሌለበት። ወዲያ ወዲህ ስትል ቆየችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ ኤክስቴንሽኑ አሁንም ይመዘግባል ወይ አለችኝ። ለማን ልላት ስል ለራሷ ነው። መሥሪያ ቤቷ ሠራተኛ እየቀነሰ ነው፣ የሚቀረው የቅርብ ጊዜ የኮምፒውተር ሰርተፊኬት ያለው ብቻ ነው። ማስተርሱስ አልኳት።

"ቆየ አሉኝ" አለች። ዓይኗ እንባ አቀረረ።

ልነካት የምችልባቸው ቃላት ሁሉ አፌ ላይ መጡ። በሩማ አንድ ነው... ምላሴን ነከስኩ። ሰው እንጀራው ሲናጋ አይቀለድበትም፣ እኔም ያለሁት እዚያው ነው። መስኮቱ የት እንደሆነ አሳየኋት። ስትወጣ "ሰው ከጠየቀሽ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ በይ" አልኳት። ትንሽ ሳቀች።

ሐምሌ 6

ምረቃ። እጄ እየዛለ ነው የምጽፈው።

ጠዋት በራችን ላይ ቆመን ማዶውን እናይ ነበር። አዲሶቹ ተማሪዎች አንገታቸው ላይ መታወቂያ አንጠልጥለው ይሯሯጣሉ። ወደ ካሜራው አትዩ ይላሉ፣ እንደልባችሁ ሁኑ ይላሉ፣ ተንፍሱ ይላሉ። መምህራችን ደህና አድርጎ አስተምሯቸዋል። ተሻግሬ የአንዷን ፎቶ ከጀርባዋ ሆኜ አየሁት፣ አባት የልጁን ቆብ ሲያቃና ነው ያነሳችው። ቀናሁባት።

ፀሐይ ከፍ ስትል አንድ አባት መንገዱን ተሻግሮ መጣ፣ ልጁን በክንዷ ይዞ፣ እናትየው ከኋላ። ተቆጥቷል። ልጄን ቆቧ ተንጋዶ፣ አፏን ከፍታ ስትስቅ አነሱብኝ፣ ይሄን ሳሎን ልሰቅል ነው? እባክሽ እንደ ሰው አንሺልኝ አለኝ። ከእሱ ኋላ ሌላ መጣ፣ ከዚያ ሌላ። ባለቤቴ ማሽኑን ሸፍኖ የተጨማደደ ጋውን መተኮስ፣ ቆብ ማስተካከል ያዘ። ሰልፉ ከኤሌክትሪክ ሱቁ አለፈ። ሱቃችን ዳነች ማለት ነው... እያልኩ ሳለ ያ አባት ግድግዳውን አየ። ቀርቦ አነበበ። ማኅተሙን ለየው።

"አንቺም እዚያ ነው እንዴ የተማርሽው?"

ሰልፉ ውስጥ ጉምጉምታ ተነሳ። ከኋላ የነበሩት ቤተሰቦች ወደ ፍላሽ ቤት አቀኑ። ባለቤቴ እኔን አየኝ፣ እኔ እሱን። ከዚያ ወንበር ላይ ወጥቼ በገዛ እጄ አወረድኳት።

ሐምሌ 7

ዛሬም ሰልፍ ነበር። ፍላሽ ቤትም እንዲሁ፤ ጠዋት በፊቱ ሳልፍ የእሱም ግድግዳ ባዶ ነው። ተያየንና አለፍኩ።

ባለቤቴ ወረቀቷን ከመጋረጃው ማዶ እንስቀላት ብሎ ነበር፣ ልብስ ሊያሰፋ የመጣ ቢያያትስ ብዬ ፈራሁ። በመጨረሻ የጋውኖቹ ቁም ሳጥን በር ላይ፣ በውስጥ በኩል በሚስማር መታኋት። ከእኔ በቀር የሚከፍተው የለም።

ሁሉንም አገጭ ቀና፣ ትንፋሽ ያዙ እያልኩ አነሳሁ። አንዳንዱን ግን አበቃ ብሎ ሲላላ አንድ ጨምሬ አነሳለሁ። እሱን አላሳያቸውም።

ከሰዓት አንዲት እናት የልጇን ፎቶ አይታ እጄን ያዘችኝ። ሦስቱንም ልጆቼን እዚህ ነው ያስነሳሁት፣ እጅሽ ይባረክ አለችኝ። እነዚያ ማዶ ያሉት ተምረው የማይችሉትን...

"አንቺ የትም አልተማርሽም አይደል?"

"የትም" አልኳት።

"ጎሽ። ብትማሪ ኖሮ ታበላሺው ነበር።"

የልጇን ጋውን ልመልስ ቁም ሳጥኑን ከፈትኩ። ስሜን አነበብኩት፣ ከዚያ "አጠናቃለች" የምትለዋን። ኮራሁ፣ ከፋኝም። ጋውኑን ሰቀልኩና በሩን ዘጋሁት። ሰዎቹ እየጠበቁ ነበር፣ ቀጥሎ ማን ነው አልኩ።